ከአዋሽ አርባ እስከ ቡሬ፦ ቤተሰብ የተለያየበት መንገድ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በአዋሽ አርባ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሰመራ አድርጎ ወደ ባሕሩ የሚወርደው አውራ ጎዳና የሚታወቀው በወደብ መንገድነቱ ነው። ነዳጁ፣ ማዳበሪያውና ስንዴው በዚህ ይገባል፤ ቡናውና ሰሊጡ በዚህ ይወጣል። ስለ መንገዱ ሲጻፍም አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ኩንታልና ሊትር ነው። በዚሁ አስፋልት ላይ ግን ሌላም ነገር ሲመላለስ ኖሯል። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት መንግሥት ከመንግሥት፣ ድርጅት ከድርጅት፣ ክልል ከክልል በተጣላ ቁጥር፣ በጠቡ ውስጥ እጃቸው የሌለበት ሰዎች ከትዳራቸውና ከልጆቻቸው ተለይተው በዚህ መንገድ ተግዘዋል፣ ተባረዋል፣ ተሰደዋል። የሸለቆው ታሪክ በቅጡ እንዲታወቅ ከተፈለገ ይህም ከጭነቱ እኩል መቆጠር አለበት።

አዋሽ ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ባሕር ሳይደርስ በጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። መንገዱም ከአዋሽ አርባ በኋላ አንዴ እየቀረበው አንዴ እየራቀው አብሮት ይወርዳል። በግራና በቀኝ ያለው አገር የአፋር ነው። የአርብቶ አደሩ የአፋር ቤተሰብ በአንድ አጥር ውስጥ ተሰብስቦ አይከርምም፤ ዝናብና ግጦሽ እየተከተለ ይበተናል፣ መልሶ ይሰበሰባል። ሴቶች ከቅስት እንጨትና ከሰሌን የሚሠሩት ዳቦይታም ፈርሶ በግመል ተጭኖ ሌላ ቦታ የሚተከል ቤት ነው። ቤተሰቡን የሚያስተሳስሩት ጎሣና ጋብቻ ናቸው። በአብሱማ ልማድ ወንድ ልጅ የአባቱን እኅት ልጅ ያገባል፤ አንዱ ወገን ለሌላው የዳራት ልጅ በሚቀጥለው ትውልድ በልጇ በኩል ትመለሳለች። እንዲህ ያለው ዝምድና ሳይበጠስ የሚኖረው ሰው እንደ ልቡ መመላለስ ሲችል ነው። አክስት ያለችበት አገር በኬላ ሲዘጋ፣ ገና ያልተወለዱ ልጆች ጋብቻ ሳይቀር አብሮ ይዘጋል።

የተበተነው ቤተሰብ ስለ ዘመዱ የሚያውቀው በዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላም ተባብሎ ማለፍ ብቻ አይበቃም። ከግራር ጥላ ሥር አረፍ ይሉና አንደኛው የመጣበትን አገር ነገር ከሥር ከመሠረቱ ይናገራል፤ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ከብቱ እንዴት እንደ ከረመ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደ ደረቀ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ወለደች፣ ተኩስ የት እንደ ተሰማ፣ በመንገድ ማን ከማን ጋር ሲሄድ እንደ ታየ። አድማጩ በየመሐሉ አጭር ድምፅ እያሰማ መከታተሉን ያሳያል እንጂ አያቋርጥም። ሲያበቃ ተራው የእርሱ ነው። ያዩትን ከሰሙት ለይቶ መናገር ግዴታ ነው፤ ሐሰት ያወራ ሰው በባህላዊው ሕግ በማድአ ይጠየቅበታል። ስለዚህም በዳጉ የተሰማ የሞት ወሬ ለቅሶ ያስቀምጣል፤ በዳጉ የተሰማ የደኅንነት ወሬ እናትን ያስተኛል። ስልክ በገባበት ዘመን እንኳ ልማዱ አልጠፋም። በጦርነት ጊዜ መስመር ሲቋረጥ መልሶ የሚቀረውም እርሱ ነው።

አፋርን በሦስት አገር የከፈለው መስመር የተሰመረው ዳጉ በማይደርስበት ክፍል ውስጥ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1889 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር፣ ግንቦት 8 ቀን 1900 ዓ.ም. ደግሞ ከኢጣሊያ ጋር ተዋዋሉ። ከኢጣሊያ ጋር የተደረገው ውል ድንበሩ ከባሕሩ ዳር 60 ኪሎ ሜትር ርቆ የባሕሩን ጠረፍ ተከትሎ እንዲሄድ አደረገ። ማንም በቦታው ተገኝቶ የማን ጉድጓድ፣ የማን ግጦሽ በየትኛው ወገን እንደ ዋለ አልጠየቀም። ለብዙ ዓመታት ይህ መስመር በወረቀት ላይ ብቻ ስለ ነበር የከፋ ጉዳት አላደረሰም። ጂቡቲ በሰኔ 1969 ዓ.ም.፣ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ሲሆኑ ግን መስመሩ መታወቂያ፣ ፓስፖርትና ወታደር ተጨመረበት።

አዋሽ አርባ በዚህ መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች አንዷ ናት። ስሟን በአገር ያስጠራው ወታደራዊ ካምፑ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ፣ ከአዲስ አበባና ከክልሉ የተያዙ ፖለቲከኞች፣ የምክር ቤት አባላትና ጋዜጠኞች ወደዚህ ተወስደው ታስረዋል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቦታውን ጎብኝቶ ስለ እስረኞቹ መግለጫ አውጥቷል። ከዚያ በፊት በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ጊዜም ጎረቤቷ አዋሽ ሰባት ከጦላይና ከብር ሸለቆ ጋር የብዙ ሺህ ወጣቶች ማቆያ ነበረች።

የታሳሪ ቤተሰብ ኑሮ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። በአዲስ አበባ የታሰረ ሰው ዘመድ ሳህን በፌስታል ቋጥሮ በታክሲ ይደርሳል። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በቆላ ለታሰረ ሰው ግን ስንቅ ማመላለስ ራሱ ጉዞ ነው፤ ሌሊት ተነሥቶ አውቶብስ መያዝ፣ ከሥራ ፈቃድ መለመን፣ ልጆችን ለጎረቤት አደራ ማለት፣ ሙቀቱ ወጡን እንዳያበላሸው ደረቅ ነገር መምረጥ፣ ደርሶም ላያገቡ መቻል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ንኡስ አንቀጽ 2 የተያዘ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በሕግ አማካሪው የመጎብኘት መብት አለው ይላል። የርቀቱን ጉዳይ አንቀጹ አያነሣም። በተግባር ግን እስረኛን ማራቅ ቤተሰብን መቅጣት ነው፤ ቅጣቱንም የሚሸከሙት በአብዛኛው ሚስቶችና እናቶች ናቸው።

ከአዋሽ አርባ ቀጥሎ መካከለኛው አዋሽ ይመጣል፦ መልካ ሰዲ፣ መልካ ወረር፣ አሚባራ። እዚህ የመለያየቱ መነሻ ጥጥ ነው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የወንዙ ዳር ለም መሬት በየደረጃው ለመስኖ እርሻ ተሰጠ። ያ መሬት ለአፋሩ የበጋ ግጦሽ ነበር፤ ዝናቡ ሲጠፋ ከብቱ የሚያርፍበት ሌላ ስፍራ አልነበረውም። እርሻው ሲስፋፋ ቤተሰቦች ከወንዙ እየራቁ ሄዱ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ድርቁ ሲመጣ መሸሻ አጡ። በኋላም በእርሻዎቹ ዙሪያ የተተከለው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻማ ዛፍ የቀረውን ሜዳ እየሸፈነ ሄደ።

ግጦሽ ሲጠብ በአፋርና በኢሳ ሶማሌ መካከል የነበረው የቆየ ፉክክር ከረረ። በሰላም ዘመን በሁለቱ መካከል ገበያም፣ ወዳጅነትም፣ አልፎ አልፎ ጋብቻም ነበር። ክልሎች በብሔር ሲከለሉ ግን የግጦሽ ክርክሩ የወሰን ክርክር ሆነ። በመንገዱ ላይ ያሉት ገዳማይቱ፣ ኡንዱፎና አዳይቱ የክርክሩ እምብርት ናቸው። ነዋሪዎቻቸው በብዛት ኢሳ ናቸው፤ አስተዳደሩ የአፋር ክልል ነው። በ2007 ዓ.ም. በሁለቱ ክልሎች ስምምነት ሦስቱ በአፋር ሥር ልዩ ቀበሌ ሆኑ፤ በ2011 ዓ.ም. የሶማሌ ክልል ከስምምነቱ ወጣሁ አለ፤ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በገዳማይቱ ደም ፈሰሰ። ጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ሁሉ የሚያውቀው መንገድ ሲዘጋ ነው። በከተሞቹ ውስጥ ሱቅ ከፍተው፣ ከሌላው ወገን ተጋብተው የኖሩ ሰዎች ግን የሚያውቁት ጎረቤት ጎረቤቱን መጥራት ሲያቆም ነው።

ከሎጊያ ወደ ቀኝ የሚገነጠለው መንገድ ዱብቲና አሳይታ ያደርሳል። ይህ የአውሳ ሱልጣኔት አገር ነው፤ ከፖለቲካ ጠብ የተነሣ ቤተሰብ ሲከፈል ምን እንደሚመስል በሱልጣኑ ቤት በይፋ ታይቷል። ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ከ1936 ዓ.ም. ጀምረው አውሳን ይገዙ ነበር። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ ሲያወጣ አልተቀበሉም። ሦስት ወር ያህል እንዳለፈ ጦር ወደ አሳይታ ተንቀሳቀሰ፤ ሱልጣኑ በጂቡቲ በኩል ወጥተው ሳዑዲ ዓረቢያ ገቡ። ተከታዮቻቸውና ልጆቻቸው የአፋር ነጻ አውጪ ግንባርን ይዘው ጫካ ገቡ። በዚያው ሰሞን በተንዳሆ ጥጥ እርሻ ላይ በተነሣው ግጭትና ተከትሎ በመጣው የጦሩ በቀል፣ ከደጋ የመጡ የቀን ሠራተኞችም የአፋር አርብቶ አደሮችም በብዛት አለቁ።

ሱልጣኑ 16 ዓመት በስደት ኖረው በ1983 ዓ.ም. ተመለሱ፤ በሚያዝያ 2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አረፉ። የሰመራ አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከዙፋን ቤት ውጭ ያለው ታሪክ እንዲህ አልተመዘገበም። በእነዚያ ዓመታት ከተማሩት የአፋር ወጣቶች ገሚሶቹ ከደርግ ጋር መሥራትን መርጠው የአፋር ብሔራዊ ነጻነት ንቅናቄን መሠረቱ፤ ሱልጣኑን የመሬት ከበርቴ፣ ደርግን የብሔር እኩልነት በር ከፋች አድርገው አዩ። አባቶቻቸው ደግሞ በሱልጣኑ እንደ ጸኑ ነበር። አባት ከግመሉ ጋር ወደ ጂቡቲ በረሓ፣ ልጅ በካኪ ልብስ ወደ አውራጃ ጽሕፈት ቤት የሄደበት ጊዜ ነው። ሁለቱም ለአፋር መልካም ያሰቡ ነበሩ፤ ክፍፍሉን መራራ ያደረገውም ይኸው ነው። ደርግ በ1980 ዓ.ም. አሰብን ራስ ገዝ ሲያደርግ የወጣቶቹ ጥያቄ በከፊል የተመለሰ መሰለ፤ አራት ዓመት ሳይሞላ ሁሉም ነገር ፈረሰ።

ሰመራ ከአዲስ አበባ ከ580 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በድንጋያማ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች አዲስ ከተማ ናት። የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ወደዚህ ከተዛወረ ወዲህ ቢሮዎች፣ ዩኒቨርሲቲና ሰፈሮች ተሠርተውባታል፤ ከሎጊያ ጋርም አንድ የከተማ አስተዳደር ሆናለች። አዲስነቷ ግን ከሐዘን አላዳናትም። በፌዴራሉ መንግሥትና በትግራይ ኃይሎች መካከል የተነሣው የሰሜኑ ጦርነት በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ወደ አፋር ሲገባ ተፈናቃዩ፣ ቁስለኛውና እስረኛው ሁሉ የመጣው ወደዚሁ ነው። ሐምሌ 29 ቀን በጉሊና ወረዳ ጋሊኮማ ላይ፣ ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ትምህርት ቤትና ጤና ተቋም ላይ ጥቃት ደረሰ። ዩኒሴፍ በዚያው ሳምንት ባወጣው መግለጫ ከ200 በላይ ሰዎች፣ ከእነርሱም ከ100 በላይ ሕፃናት መገደላቸው እንደ ተነገረው ገለጠ። እነዚያ ልጆች አንድ ጊዜ ከቤታቸው ሸሽተው የዳኑ ነበሩ።

በ2014 ዓ.ም. ውጊያው ወደ ኪልባቲ ረሱ ዞን ዞረ፤ አብዓላ፣ መጋሌ፣ ኤረብቲ፣ በረሃሌና ኮነባ ተራ በተራ ተመቱ። የክልሉ መንግሥት የተፈናቃዩን ቁጥር ከ300,000 በላይ አድርጎታል። አብዓላን ለብቻዋ ማንሣት ያስፈልጋል። ከመቀሌ በስተ ምሥራቅ፣ የትግራይ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። አሞሌ ጨው የጫነ ግመል ከዳሎል ሜዳ ተነሥቶ በበረሃሌ ወደ መቀሌ ሲወጣ በኖረበት አገር፣ አፋርና ትግራዋይ ለዘመናት ተገበያይተዋል፣ ተዋልደዋል። ጦርነቱ ሲቃረብ የአካባቢው የጸጥታ ኃይሎች በአብዓላ፣ በኮነባና በበረሃሌ የሚኖሩ ትግራውያንን ሰብስበው በመኪና ወደ ሰመራ አመጡ። ብዙም ሳይቆይ የትግራይ ኃይሎች አብዓላን ያዙ፤ አፋሮቹም በተራቸው ሸሹ። በአንድ መንደር የኖሩ ሰዎች ግማሾቹ በሰመራ ማቆያ፣ ግማሾቹ በየሜዳው በሸራ መጠለያ ወደቁ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኋላ ባወጣው ሪፖርት በሰመራና በአጋቲና ካምፖች የተያዙት ከ8,000 በላይ እንደ ነበሩ ገልጦ፣ አያያዙን ሕገ ወጥ ብሎታል። ከተያዙት መካከል ሴቶች፣ አዛውንትና ሕፃናት ነበሩ።

እንዲህ ያለ እስራት ከሌላው የሚከፋው ሰውን በሠራው ሥራ ሳይሆን በተወለደበት ወገን ስለሚለይ ነው። በአፋር ደንብ ልጅ የአባቱን ጎሣ ይከተላል። አባት አፋር፣ እናት ትግራዋይት በሆኑበት ቤት ልጆቹ አፋር ናቸው፤ አያታቸው፣ አጎታቸው፣ የእናታቸው ቤት ግን ማዶ ነው። መታወቂያ እየታየ ሰው ሲለይ የዚህ ቤት ሰዎች በየትኛው መኪና ይሳፈራሉ? ይህን ጥያቄ ያነሣ የጦር መግለጫ አልነበረም፤ መልስ መስጠት የወደቀው በጎረቤትና በፖሊስ ላይ ነው። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ተኩሱን አቁሟል። አንድ ጎረቤት አንዱን ሲጠቁም፣ አንዱን ሲደብቅ ያየ ልጅ ግን ያንን ይዞ ያድጋል።

ከሰመራ ሲወጡ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰችው ሰርዶ ትገኛለች። በዚያ አካባቢ ዛሬ ከበረሃሌ የመጡ ኤርትራውያን አፋሮች የሰፈሩበት መጠለያ አለ። እነዚህ ሰዎች ሁለት ጊዜ የተሰደዱ ናቸው። መጀመሪያ የግዳጅ ውትድርናንና ጭቆናን ሸሽተው ከኤርትራ ወጡ፤ ቋንቋቸውን የሚናገር፣ ጎሣቸውን የሚያውቅ ሕዝብ መካከል በበረሃሌ አረፉ። ጥር 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ካምፑ ጥቃት ደረሰበት። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እንደ ገለጠው አምስት ስደተኞች ተገድለዋል፤ ሴቶች ታፍነው ተወስደዋል፤ ሲሸሹም የአንድ ቤት ሰዎች ተጠፋፍተዋል። በሺዎች የሚቆጠሩት በእግር ወደ አፍዴራና ወደ ሰመራ ወረዱ። የአፋርን ክረምትና በጋ የሚያውቅ ሰው፣ ያ ጉዞ ከአራስ ጋርና ከሽማግሌ ጋር ምን እንደሚሆን መገመት አያቅተውም።

ከዲችኦቶ አካባቢ መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንደኛው በጋላፊ ወደ ጂቡቲ ይታጠፋል፤ ያለማቋረጥ ተሳቢና ቦቴ ይመላለስበታል። ሌላው በኤሊዳር ወረዳ በማንዳ አድርጎ ወደ ቡሬ፣ ከዚያም ወደ አሰብ ይወርዳል፤ እርሱ ጭር ያለ ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። የኢትዮጵያ ዋና ወደብ አሰብ ነበረች፤ በከተማዋ አማርኛ እንደ ልብ ይነገርባት ነበር፤ ወዛደሩ፣ ጸሐፊው፣ ሹፌሩ፣ ሻይ ቤት ከፋቿ ከወሎም፣ ከሸዋም፣ ከትግራይም የመጡ ነበሩ። ከኤርትራ ነጻነት በኋላ እንኳ ድንበሩን ማቋረጥ የዕለት ተዕለት ነገር ነበር። ማን የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆነ በቅጡ ሳይለይ ሰዎች ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ቤት ሠሩ።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ያ ሳይለይ የቆየ ጉዳይ በአንድ ሌሊት ተለየ። የኢትዮጵያ መንግሥት የኤርትራ ተወላጅ ናቸው ያላቸውን ማባረር ጀመረ፤ በ1985ቱ የኤርትራ ነጻነት ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ መስጠት እንደ ዜግነት ማስረጃ ተቆጠረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ሁለት ዓመት በዘለቀው ዘመቻ የተባረሩትን 75,000 ገደማ ያደርሳቸዋል። ከኤርትራም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወጡ፤ ገሚሱ ተባረው፣ ገሚሱ ኑሮው አላስቀምጥ ብሏቸው። የአሰብ ወዛደሮች ወደቡ ሥራ ሲያቆም ጠረጴዛቸውንና አልጋቸውን ጥለው መጡ።

አፈጻጸሙ በተባራሪዎች ምስክርነት በደንብ ይታወቃል። ፖሊስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነበር። መጀመሪያ የሚወሰደው የቤቱ አባወራ ነው፤ ሚስትና ልጆች ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንዲከተሉ ይደረጋል፣ አልያም ይቀራሉ። የተያዘው ሰው በፖሊስ ጣቢያ፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ ሾጎሌ በተባለው ማቆያ ይሰነብታል። ንብረቱን ለሚያምነው ሰው ውክልና እንዲሰጥ ይነገረዋል፤ በዚያ ሰዓት ማንን ማመን እንዳለበት የሚያስብበት ጊዜ የለውም። ከዚያ የሚወሰደው በአውቶብስ ነው፤ አንደኛው የመውጫ መሥመር ይኸው የአሰብ መንገድ ነበር። አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን አልፈው ቡሬ ላይ ይወርዳሉ፤ በሁለቱ ጦሮች መካከል ያለውን መሬት ሻንጣና ሕፃን ይዘው በእግር ይሻገራሉ። ኢትዮጵያዊት ሚስት ያለው ሰው እርሷን ጥሎ ሄደ፤ ኢትዮጵያዊ ባል ያላት ልጆቿን ከአባታቸው ጋር ትታ ሄደች። በማግስቱ ሠፈር ውስጥ የሚቀረው የተዘጋ በርና ልጆቹን ማን ይያዛቸው የሚል የጎረቤት ምክክር ነው። ብዙ ጎረቤት ልጆቹን ወስዶ አሳድጓል፤ ይህን ያደረጉ ሰዎች ሥራ በየትም አልተጻፈም።

ጦርነቱ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርሱ ስምምነት ተዘጋ። በስምምነቱ የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ያ የ1900ው የ60 ኪሎ ሜትር መስመር ለምሥራቁ ክፍል መሠረት ሆነ፤ በቡሬ ግን ወሰኑ በሁለቱ አገሮች ኬላዎች እኩል መካከል እንዲያልፍ ተወሰነ። የካሳ ኮሚሽኑም በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን፣ ለኤርትራ 163.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ፈረደ። ኬላው በሜትር፣ ጉዳቱ በዶላር ተለካ። አንድ አባት ልጁን ሳያይ ያሳለፋቸውን ዓመታት የሚለካ ክፍል በሁለቱም ኮሚሽኖች አልነበረም።

በዚያው በ1990 ዓ.ም. ሚያዝያ 2 ቀን፣ የባድመ ተኩስ ሊጀምር አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ ወሰን የከፈላት ሌላ አገር ስምምነት ፈርማ ነበር። አየርላንድ በ1913 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍላ፣ ከብሪታንያ ጋር የተደረገውን ውል በተቀበሉና ባልተቀበሉ መካከል በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ወንድም ከወንድም ተዋግቶባታል፤ በኋላም በሰሜኑ ክፍል 30 ዓመት በዘለቀ ግጭት ከ3,500 በላይ ሰው ሞቷል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በታኅሣሥ 1972 በቤልፋስት አሥር ልጆች የምታሳድግ መበለት በታጣቂዎች ተወስዳ ጠፋች፤ ልጆቿ በየማሳደጊያው ተበተኑ። ከስምምነቱ በኋላ የብሪታንያና የአየርላንድ መንግሥታት የጠፉ ሰዎችን አስከሬን የሚፈልግ ኮሚሽን በጋራ አቋቋሙ። የእርሷ አስከሬን በዚሁ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ከድንበሩ ማዶ በባሕር ዳርቻ ተገኘ። ልጆቹ እናታቸውን ለመቅበር ከ30 ዓመት በላይ ጠብቀዋል። ያም ሆኖ እዚያ ጉዳዩ በስም የተያዘ ፋይል ነበረው፤ የሚጠየቅ መሥሪያ ቤት ነበረው። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ለተለያዩ ቤተሰቦች ሁለቱ መንግሥታት በጋራ ያቆሙት እንዲህ ያለ አካል የለም።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. በአስመራ የሰላም መግለጫ ሲፈረም በሁለቱ አገሮች መካከል ቀጥታ ስልክ ተከፈተ። ቁጥር የጠፋባቸው ሰዎች በዘፈቀደ እየደወሉ ከማያውቁት ሰው ጋር ሳይቀር አወሩ። ሐምሌ 11 ቀን የመጀመሪያው አውሮፕላን አስመራ ሲያርፍ ልጆቹን ከአሥር ዓመት በላይ ያላየ አባት ከመንገደኞቹ አንዱ ነበር። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ዐቢይ አሕመድና ኢሳይያስ አፈወርቂ በቡሬ ግንባር ከወታደሮቹ ጋር አዲስ ዓመትን አከበሩ፤ የቡሬና የዛላምበሳ መንገዶች በአንድ ቀን ተከፈቱ። በመንገዱ ላይ የነበሩ ምሽጎች ተደልድለው ሰውና መኪና አለፈ። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ሰዎች ቪዛም ፓስፖርትም ሳይጠየቁ ተሻገሩ። ነገር ግን ማን፣ በምን ሕግ፣ እስከ መቼ እንደሚሻገር የሚወስን ደንብ አልወጣም። ደንብ የሌለው በር ለመዝጋትም ምክንያት አያስፈልገውም፤ ዓመት ሳይሞላ የቡሬ ኬላ መልሶ ተዘጋ። በእነዚያ ወራት የተሻገረ ዘመዱን አየ፤ ክረምቱ ይለፍ፣ ገንዘብ ልቋጥር ብሎ ያቆየው ቀረበት።

ከዚያ ወዲህ አሰብ ያለ ዘመዱን የሚፈልግ የሰመራ ሰው አጭሩን መንገድ ትቶ በሦስተኛ አገር በኩል ይጠይቃል። ከመንግሥታት ውጭ ይህን ሥራ የያዘው ቀይ መስቀል ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ1990ው ጦርነት በኋላ በሁለቱ አገሮች መካከል የቤተሰብ መልእክት አመላልሷል፤ ወደ አገራቸው ለመመለስ የፈለጉትንም በመረብ ወንዝ በኩል አሸጋግሯል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም በጦርነትና በስደት የተጠፋፉ ቤተሰቦችን በማገናኘት ሥራው ማመልከቻ ይቀበላል። ጠያቂው የሚፈለገውን ሰው ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ዘመኑን፣ መጨረሻ የታየበትን ቦታና ጊዜ ያስመዘግባል። ሰውየው አፋር ከሆነ ጎሣውንና ንኡስ ጎሣውን መጨመር ፍለጋውን በእጅጉ ያቀናል፤ መሐመድና አሊ የሚባል ሰው በየመንደሩ አለ፣ ጎሣው ከታወቀ ግን በዳጉ የት እንደ ሰፈረ የሚነግር አይጠፋም። ለአብዓላና ለበረሃሌ ሰዎች ይህ ሥራ ገና ትኩስ ነው፤ ልጆቹ ፊታቸው ሳይለወጥ፣ ምስክሮቹ ሳያረጁ መመዝገብ ይቻላል። በ1990 ዓ.ም. በቡሬ የተሻገሩት ሰዎች ልጆች ዛሬ የራሳቸው ልጆች አሏቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ማመልከት ይችላሉ።